ድምፁን ሳንይዝ አንነካውም

ሰኞ

«ችግር የለም፣ ሌላ ሰው ይሞላልሻል» አለኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። ደግነቱ ነው። ያናደደኝም ደግነቱ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ከእንግዲህ በወረቀት አይገባም ተባለ። እያንዳንዱ መምህር አዲሱን ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ ጭኖ የራሱን ክፍሎች ውጤት ራሱ ይሞላል፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ድረስ። የእኔ ላፕቶፕ ፕሮግራሙን አልቀበልም አለ። የኮምፒዩተር መምህራችን ደስታ ሲታገለው ዋለና «መምህርት፣ ዕቃው ደህና ነው። ውስጡ ያለው ሲስተም ነው ያረጀው። እሱ ካልተቀየረ አይሆንም» አለኝ።

ፎርማት ማለቱ ነው፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን። ይህን ቃል ስሰማ ብርድ ብርድ ይለኛል።

ለምክትሉ ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው፤ በአፌ ስናገረው ተምታቶብኛል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ላፕቶፔን የማነበው በጆሮዬ ነው። ስክሪን ሪደር የሚሉት ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እየተናገረ ያሰማኛል። ምክትሉ እንደ መነጽር ነው የሚያየው፤ መነጽር ቢሰበር ሌላ ይገዛል። ይህን ድምፅ ግን በዓመታት ነው ያስተማርሁት። ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ የቱ ላይ ዝም እንደሚል፣ የትኛውን ቁልፍ ስጫን የት እንደሚወስደኝ። ከሁሉም በላይ ስሞች። አማርኛችን ሲጻፍ ማጥበቅና ማላላቱ አይታይም፤ ማሽኑ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያላላዋል። ደመቀ የሚባል ተማሪ ካለኝ «መ»ን አላልቶ ሌላ ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ በማስተካከያ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ደመቀ የሚል ስታገኝ ደምመቀ ብለህ አንብብ» ብዬ እነግረዋለሁ። ተሰማን ተሰምማ። እንዲህ እያልሁ ስንቱን አስተካክያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር አንድ ጥገና ቤት ፎርማት አደረጉልኝ። «ፋይልሽ በሙሉ አለ፣ ምንም አልጠፋም» አሉኝ። እውነትም ፋይሎቼ ነበሩ። ድምፁ ግን ምንም የማያውቅ እንግዳ ሆኖ ተመለሰ። አንድ መንፈቅ ሙሉ የልጆቹን ስም እያበላሸ ሲጠራብኝ፣ እኔም ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምሁ። ያን ጊዜ ውጤት የሚሞላልኝ ሰው ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ስንት ጻፍህ?» እያልሁ እጠይቀው ነበር። ያ አይደገምም።

«እኔው እሞላዋለሁ» አልሁት ምክትሉን።

በምን እንደምሞላው ግን አላውቅም።

ማክሰኞ

ደስታ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣ። የወላይታ ልጅ ነው። ደብረ ታቦር ከመጣ ቆይቷል፣ ብርዱን ግን ዛሬም አልለመደውም። ጃኬት በጃኬት ደርቦ ስለሚሄድ ሲራመድ ይንኮሻኮሻል፤ ከበሩ ሳይደርስ መምጣቱን አወቅሁ።

«ድምፁን ሳንይዝ አንነካውም» አልሁት ገና ሳይቀመጥ።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ባሕር ዳርም እሺ ብለውኛል።»

ተቀመጠና «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ይህን ፕሮግራም አላውቀውም። ሴቲንጉ የት እንደሚቀመጥም አላውቅም። አንቺ እያሳየሽኝ እኔ እገለብጣለሁ» አለ።

ወደድሁት። የሚያስፈራኝ አውቃለሁ ብሎ የሚነካ ሰው ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አደረገ። «ስክሪኑን ላጥፋው። እያየሁ ከሠራሁ አንቺ የምትሰሚውን አልሰማም» ብሎ አጠፋው። ድምፁ በእኔ ፍጥነት ሲለቀቅበት ሳቁ መጣ። «ይሄ አማርኛ ነው?» አለኝ። ለሌላ ሰው እንደሚቆላ ሽምብራ ነው የሚንጣጣው፣ አውቃለሁ። ቀስ አደረግሁለት። እየተሳሳተ፣ እየጠፋ፣ «የት ነው ያለሁት አሁን?» እያለ ሄደ። መንገዱን በጆሮው ሲፈልግ መስማት ደስ ይላል።

የያዝነው፦ የድምፁ ፍጥነትና ቃና። የአቋራጭ ቁልፎቼ። የአማርኛ ኪቦርዴ። የፕሪንተሩ ነገር። የትምህርት ቤቱ የዋይፋይ ፓስወርድ፤ ይህን እኔ ከረሳሁት ቆይቻለሁ፣ ላፕቶፑ ነው የሚያስታውሰው። ሁሉም ፍላሽ ላይ ገባ።

«በቃ፣ ነገ ጧት እንቀይረዋለን» አለ ሲወጣ። እሺ አልሁት። ቀለል አለኝ።

ማምሻውን አባዬ ከሚኖሩበት ከገሳይ መጡ። ለዘመድ ተዝካር ነው የመጡት፣ እስከ እሑድ እኔ ዘንድ ናቸው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ድንች አስጭነው። ብቻዬን መሆኔን ረስተውት ነው ወይስ እንድወፍር ፈልገው?

ረቡዕ

አልቀየርነውም። እግዜር ይስጥልኝ አባዬን።

ቁርስ ላይ ነው። አባዬ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ስለ ኮምፒዩተር አያውቁም፣ ማወቅም አይሹም። መጠየቅ ግን ይወዳሉ።

«ማታ አስቀመጥነው ያልሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ድምፁን፣ አባዬ። ጠባዩን ይበሉት።»

«ከተቀመጠበት ጠርታችሁት መጣ?»

«አልጠራነውም። ተገልብጧል፣ ያለው እዚህ ነው።»

«እንግዲያ ተቀምጧል አትበሉ» አሉ። «እኔ ዘንድ ተማሪ የትናንቱን ሳያሰማ ሌላ አይቀጽልም፤ አዲስ አይጨመርለትም። ይዣለሁማ ሁሉም ይላል። መያዙ የሚታወቀው ሲያሰማ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

እጄ ላይ ያለውን ሳልጨርስ ለደስታ ደወልሁ። የአባዬን ነገር ስነግረው «ልክ ናቸው። ሞክረን ማየት ነበረብን» አለ።

ትምህርት ቤት፣ ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ፣ ማንም በማይጠቀምበት አንድ ኮምፒዩተር ላይ ስክሪን ሪደሩን ጫንን። ከፍላሹ ያለውን መለስንበት። ድምፁ መጣ! የእኔው ፍጥነት፣ የእኔው ቃና። በማላውቀው ኮምፒዩተር ውስጥ የማውቀው ሰው ሲያናግረኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የዘጠነኛ «ሐ» ክፍልን የስም ዝርዝር ከፈትሁ።

ደመቀን አላልቶ ጠራው።

ተሰማንም። ከእሱ ቀጥሎ ያለችውንም። ሁሉንም።

መዝገበ ቃላቱ ፍላሹ ላይ የለም። ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም አላወቅሁም፣ ደስታም አላወቀም። ዛሬ ጧት እንደተባባልነው ቀይረነው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ የዓመታት ልፋት አሁን የለም ነበር።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። «ይቅርታ መምህርት» አለ ደስታ፤ ድምፁ አንሶ አንሶ ነው የወጣው። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ ላፕቶፑ እቤት ነው፣ ማንም አልነካውም» አልሁት። ቤት ገብቼ ሳስበው ገረመኝ። የምፈራው እኔ፣ የማጽናናው እኔ።

ከደስታ ጋር ይህን እያልን መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭጭ አሉ። ነገ እንፈልገዋለን ብለን ተለያየን።

ሐሙስ

አገኘነው!

ያገኘችው ሰናይት ናት። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፣ እሷም እንደኔው በጆሮዋ ነው የምታነበው፤ አሁን አዲስ አበባ ትሠራለች። በእረፍት ሰዓት ደወልሁላት። «እኔም አንድ ጊዜ ጠፍቶብኝ ነበር» አለችኝ። «የሚናገረው ክፍል የራሱ ፎልደር አለው። የተደበቀ ነው፣ ደብቅ የተባለውን አሳይ ካላላችሁት አይወጣም። ደግሞ ስሚኝ፣ አቋራጭ ቁልፎችሽን በቃልሽ አውጪና ጻፊያቸው። አዲሱ ሲስተም የማይቀበለው ነገር አይጠፋም።»

ደስታ የተደበቀውን ከላፕቶፔ አወጣው። ውስጡ አንድ ትንሽ ፋይል። ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ በዚያች ትንሽ ፋይል ውስጥ ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ወስደን መለስነውና ዝርዝሩን ከፈትሁ።

ደምመቀ።

«አቤት!» አልሁ በልጁ ፈንታ። ደስታ ጠረጴዛውን መታ።

በዚህ አላበቃም። ደስታ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ወዳጁ ሃርድ ዲስክ ተውሶ ማምሻውን ቤት መጣና የላፕቶፑን ሁለመና፣ ሲስተሙንም ፋይሉንም ሴቲንጉንም፣ አንድ ላይ እንዳለ ገለበጠው። «ነገ ሁሉም ነገር ቢበላሽ ይህን መልሼ አስገባዋለሁ። ላፕቶፑ ዛሬ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ምንም እንዳልተነካ ሆኖ» አለ።

አባዬ ከጥጋቸው ሆነው ይሰሙን ነበር። «ይህማ ንስሐ ነው» አሉ።

ደስታ ሳቀ። እኔም። አባዬ ግን የምር ነው ያሉት።

የፍላሹን ሁለተኛ ቅጂ አባዬ ተቀበሉኝ። «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ማስቀመጥ አንድ ማስቀመጥ ነው። ቤቱ ቢቃጠልስ?» ብለው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ገሳይ ይዘውት ይሄዳሉ።

ዓርብ

ይህን የምጽፈው በብሬል ነው። የላፕቶፑ ሲስተም ተቀየረ። ድምፅ የለውም።

ወረቀቱን ነጥብ በነጥብ እየወጋሁ ብሬል ከጻፍሁ ስለቆየሁ ጣቴን አመመኝ። አባዬ «ምን ትወቅሪያለሽ?» ይሉኛል። ስልኬ ይናገራል፣ በእሱ መጻፍ እችል ነበር። ግን ዛሬ በእጄ መውጋት ፈለግሁ።

ጧት ጀመርን። ደስታ ከመጀመሩ በፊት «ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጀምር አልሁት። ሲጭን፣ ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲያበራ ቀኑ ተጋመሰ። በመጨረሻ «ጨረሰ። ስክሪኑ ደስ ሲል!» አለ። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።

ምንም የለም።

አዲሱ ሲስተም የላፕቶፔን ስፒከር አላወቀውም። ድራይቨር የሚሉት፣ ሲስተሙን ከስፒከሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኢንተርኔቱ ደግሞ ዛሬ ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። በስልኩ ሞከረ። መሃል ላይ ይቋረጣል። እንደገና ይጀምራል። ይቋረጣል።

«ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም አለ» ይለኛል በየመሃሉ፣ ሊያጽናናኝ። ለእኔ ያለ ድምፅ ላፕቶፕ መክተፊያ ነው። ደጋግሜ ዳሰስሁት። ሞቋል፣ ይሠራል፣ ግን አያናግረኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደስታ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «መምህርት፣ እንመልሰው? ከሃርድ ዲስኩ የትናንቱን አስገባዋለሁ። ዛሬ ሳይመሽ ድምፅሽ ይመለሳል። አዲሱ ፕሮግራም ግን አይሠራም፣ ውጤቱን ሌላ ሰው ይሞላዋል።»

ረጅም ጊዜ አሰብሁ። «እስከ ነገ እንጠብቅ» አልሁ።

እንዲህ ለማለት የቻልሁት መመለሻ ስላለን ነው። ባሕር ዳር መመለሻ አልነበረኝም፤ እዚያ ጥገና ቤት ውስጥ በሰው ፊት አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን አላለቀስሁም። የነበረኝ ነገር እንዳለ ነው። ሊመጣ የሚችለውን ልጠብቀው።

አባዬ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ «ያ ለፍላፊ ዝም አለ?» አሉኝ።

«ዝም አለ፣ አባዬ።»

«ይናገራል» አሉ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

ቅዳሜ

መጣ!!

ደስታ በጧት ዩኒቨርሲቲ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ፣ እዚያ ኢንተርኔቱ ይሻላል፣ ድራይቨሩን በፍላሽ ይዞ መጣ። ዛሬ ገበያ ነው፤ በበግና በሰው መሃል ተጋፍቶ ነው የደረሰው። ጃኬቱ የበግ ሽታ ይዟል። ጫነው። ስፒከሩ አንዴ «ጧ» አለ።

መጀመሪያ የመጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ቀስ እያለ። ልቤ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። «ቆይ፣ ቆይ» አለ ደስታ። ፍላሹን ሰካ፣ ገለበጠ፣ ስክሪን ሪደሩን ዘግቶ ከፈተው። ድምፁ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ጀመረ፣ ተቋረጠ፣ ከዚያ በእኔው ፍጥነት በአማርኛ መንጣጣት ጀመረ።

«መጣ ያ ለፍላፊ!» አሉ አባዬ። ከኔ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው።

ስሞቹን ሞከርሁ። ደህና ናቸው፣ አንድ አልጎደለም። አቋራጭ ቁልፎቼን ግን አዲሱ አልቀበልም አለ። ሰናይት እንዳለችው። እኔ በብሬል ያወጣሁትን እያነበብሁ፣ ደስታ የት እንደሚገባ እየፈለገ፣ አንድ በአንድ መልሰን አስገባን። ምሳ በላን፣ ቀጠልን። ሁሉም ገባ። ማለቴ ከአንዱ በቀር፤ ሰዓት የሚነግረኝ ቁልፍ የትኛው እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ። ጣቴ ያውቀው ነበር፣ እኔ ግን አላውቀውም። ስጽፈው ዘለልሁት። ይሁን። ሌላ ቁልፍ ሰጠሁት።

ደስታ ሲሄድ ደክሞት ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አነሰብኝ፣ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። ድንች ሰጠሁት።

እሑድ

አባዬ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። መነኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ማለትም እሳቸው እኔን ይዘው ሄዱ፣ እኔ ሸኘሁ።

«ልጁ ጠንቃቃ ነው። የማን ልጅ ነው?» አሉኝ መንገድ ላይ።

«የሩቅ ሀገር ልጅ ነው፣ አባዬ። ወላይታ።»

«ብርዱ ይጎዳዋል። የበግ ጠጉር ባና አሠርቼ እልክለታለሁ በይው።»

መኪናው ሲነሳ በመስኮት በኩል ጮኸው «ስትጨርሺ ደውይልኝ!» አሉ። ምኑን ስጨርስ? ስለ ውጤቱ የነገርኋቸው አልመሰለኝም ነበር። ሰምተዋል ለካ።

ሰኞ

አዲሱን ፕሮግራም ደስታ ጫነልኝ። ተቀበለ። የዘጠነኛ ክፍሎቼን በሙሉ ሞልቼ ጨረስሁ። እኔው። በጣቴ።

ቀላል አልነበረም። ፕሮግራሙ ገጽ ላይ ድምፁ የሚያነበው ስም ያልተሰጣቸው ቁልፎች አሉ፤ ድምፁ ሲደርስባቸው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ ይላል። የትኛው እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው እንደሚያጠፋ አላውቅም። አንዱን በጭፍን ልጫን ብዬ እጄ ከደረሰ በኋላ መለስሁት። ደስታን ጠርቼ አስነበብሁት። ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ያለው ነው የሚያስቀምጠው። የመጨረሻው የገጹን ሁሉ ያጠፋል! ጎን ለጎን ነው ያስቀመጧቸው።

ምክትሉ ሲያልፍ ገባ። «ማን እየሞላልሽ ነው?»

«እኔ።»

አልሄደም። ትንፋሹን እሰማለሁ። «እንዴት አድርገሽ?» አለ። የማዳመጫውን አንዱን ወገን ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። የዘጠነኛ «ሐ» ክፍልን አንድ ገጽ አብረን ሰማን፤ ስም፣ ውጤት፣ ስም፣ ውጤት።

«አንድም ቃል አልያዝሁም» አለ።

«ይለመዳል።»

ስለ ቁልፎቹም ነገርሁት። እንዲህ በቀላሉ የሚሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። «ስም የሌላቸው? አጥፊውና አስቀማጩ ጎን ለጎን? እኔም እኮ ባለፈው አጥፍቼ ነበር!» አለ። ለሠሪዎቹ እንዲያስተካክሉ እጽፍላቸዋለሁ አለ። ይጽፋል አይጽፍም፣ እናያለን። ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሙላልሽ አላለኝም።

ማክሰኞ

የአሥረኛዎቹንም ጨረስሁ። የመጨረሻውን ክፍል ልኬ አባዬ ዘንድ ደወልሁ። «ጨረስሁ» አልኋቸው። «እሰይ» አሉና ወዲያው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ድምፁ «አዲስ ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፤ አሁን ይጫን ወይስ ቆይቶ?» አለኝ። ገና ሳይከርም! ደስታ ፈተና ያመለጣቸውን ልጆች ሲያስፈትን ነው የሚውለው፣ ልጠራው አልችልም። ድሮ ቢሆን «ቆይቶ»ን ተጭኜ እሸሻለሁ። ነገም ቆይቶ፣ ከነገ ወዲያም ቆይቶ። እንዲህ ነው ላፕቶፔን ያስረጀሁት።

ዛሬ ግን ብቻዬን ሠራሁት። ሴቲንጉን ገለበጥሁ። የተደበቀውን ፎልደር አወጣሁ፣ ገለበጥሁ። ፍላሹን ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ወስጄ ያንኛው ኮምፒዩተር ላይ አሰማሁት። አሰማ። ከዚያ ተመልሼ «አሁን» የሚለውን ተጫንሁ።

ይህንንም በብሬል እየጻፍሁ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ እየተነሳ ነው፣ ወይም የተነሳ ይመስለኛል። ማራገቢያው ይሽከረከራል። ውጭ ልጆቹ መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ጊዜው ረዘም አለ። ስፒከሩ እንደገና ቢጠፋስ? ቢጠፋ ድራይቨሩ አለኝ። ሌላ የማላውቀው ነገር ቢመጣስ? ይምጣ እንግዲህ።

አሁንም ዝም ብሏል።

ቆይ። ኮሽ አለ። እየተናገረ ነው።